እንሰቱ ሥር የተቀበረው ቫልቭ

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። ዓመቱንም ብጠየቅ እሳሳታለሁ። የዝናብ ጊዜ ነበር ብል ደግሞ ቦንጋን የሚያውቅ ሰው ይስቅብኛል፤ እዚህ የማይዘንብበትን ጊዜ መቁጠር ይቀላል። የገበያ ቀን እንደነበረ ግን አውቃለሁ። እኔ ቢታ ገነት ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ኪሴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተኝቷል። በዚያ ቀን፣ እኔ በሌለሁበት፣ የእኔን ጽሑፍ አምነው ሰዎች ሰባት ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የፈለጉትንም አላገኙም።

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጠኝ። ኃላፊው ማይክ ይዞ፣ «ጋሽ ገብሬ ይህን ከተማ ውሃ ያጠጡ ሰው ናቸው» አለ። ውሃ የሚያጠጣስ ፈጣሪ ነው፤ እኔ ቧንቧውን ነው የቀበርኩት። ሰዉ ሲያጨበጭብ እኔ በልቤ፣ «ሰባቱን ጉድጓድ ማንም አላነሳብኝም፤ ተመስገን» እያልኩ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እሱ ካልተነሳ ሥራዬም አልተነሳም። ስለዚህ እኔው ላንሳው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ወደ ውሃ ሥራ የገባሁት ቦይ ለመቆፈር፣ በቀን ሠራተኝነት ነው። ሥራው ሲያልቅ ሌሎቹ ተሰናበቱ፤ እኔ ቀረሁ። የቀረሁት ጎበዝ ቆፋሪ ሆኜ አይደለም። ጋሽ አደሎ የሚባሉ የቧንቧ ሠራተኞቹ አለቃ፣ «ይሄ ልጅ አፈር ሲመልስ ይጠቀጥቃል፤ እሱን ተዉልኝ» ስላሉ ነው። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ በየወሩ መምጣቱ ግን ለእኔ ተአምር ነበር።

ጋሽ አደሎ አጭር፣ ደንዳና፣ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ቧንቧ ፈንድቶ ሁሉም ሲሮጥ እሳቸው ይራመዳሉ። «ውሃው እኮ አያመልጥህም፤ ቁልቁል ነው የሚሄደው» ይላሉ። ከመሬት በታች የሚያፈስ ቧንቧ የሚያገኙት በድጅኖ ነበር። የድጅኖውን ሹል ጫፍ መሬት ላይ ይተክላሉ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጤነኛ ቧንቧ እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል፤ የተቀደደው ግን ዘይት ላይ እንደሚጠበስ ነገር ይንጫጫል። እኔ ያንን ለይቼ እስክሰማ ሁለት ክረምት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ላይ የምሰማው የገዛ ልቤን ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ልማዳቸው ግን የአካፋ እጥበቱ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ጓሮ አንድ በርሜል ነበር። ከሥራ ስንመለስ፣ ጋሽ አደሎን ጨምሮ፣ አራታችንም በርሜሉን ከብበን አካፋና ዶማችንን እናጥባለን። አካፋ ሳይታጠብ ዕቃ ቤት አይገባም፤ የቀኑ ሥራ ሳይወራ ደግሞ አካፋ ታጠበ አይባልም።

«አንተ ገብሬ፣ ዛሬ ምን ቀበርክ?»

«ምንም ጋሽ አደሎ። አንድ የቧንቧ ማያያዣ ሶኬት ብቻ ነው የቀየርኩት።»

«ሶኬት ምንም ነው እንዴ? የት? ጥልቀቱስ?»

«እስከ ጉልበት ነው።»

«የማን ጉልበት? ያንተ ነው የእኔ?»

ሁሉም ይስቃል። የእሳቸው ጉልበት የእኔን ባት አያልፍም ነበርና። እኔም አካፋውን እያሸሁ እንደገና እጀምራለሁ፤ ከየት ተነስቼ የት እንደደረስኩ፣ ከላዩ ድንጋይ ይኑር አሸዋ። እሳቸው አንዴ ሰምተው አይተዉኝም፤ ከጎኔ ያለውን፣ «ገብሬ ምን አለ? እስቲ አንተ ንገረኝ» ይሉታል። ካልነገራቸው እኔ በደንብ አልተናገርኩም ማለት ነው፤ እንደገና። እንዲህ እየተሳሳቅን አንዱ የቀበረውን አራታችንም እናውቀዋለን። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። እኔ ያን ጊዜ የድካም ማሳለፊያ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሺሺንዳ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተመደብኩ። እዚያ መስመሩ አጭር ነው፤ ሁለት ቫልቭና ብዙ ጭቅጭቅ። ቫልቭ የምላችሁ ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ትልቁ የብረት መዝጊያ ነው። የሚኖረው ከመሬት በታች ስለሆነ ቦታውን የማያውቅ ሰው ከላዩ ላይ ቆሞ ሲፈልገው ይውላል።

ወደ ቦንጋ ስመለስ ጋሽ አደሎ አርፈው ነበር። ከአራታችን አንዱ ጅማ ሄዷል፤ አንዱ ባጃጅ ገዝቶ ሥራውን ትቷል። በርሜሉ ተነስቶ በቦታው የሞተር ሳይክል ማቆሚያ ተሠርቷል። አካፋ ተፈርሞ የሚወጣ፣ ተፈርሞ የሚገባ ሆነ፤ ምን እንደተሠራበት የሚጠይቅ ፎርም ግን አልነበረም። ወጣቶቹ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው የቆፈሩትን ፎቶ ያነሳሉ። ጥሩ ነው፤ ግን ጭቃ ፎቶ ሲነሳ ሁሉም ጭቃ አንድ ነው።

አንድ ቀን የዚያን ጊዜው ኃላፊ ጠራኝ። «ጋሽ ገብሬ፣ አሮጌውን መስመር የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። መረጃ በሰው ጭንቅላት ብቻ መቅረት የለበትም፤ ይመዝግቡልን» ብሎ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ሰጠኝ። ማንም ሰው እኔን ጻፍ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሳምንታት ፈጀብኝ። ከጻፍኩት ጥቂቱን ላንብብላችሁ፦

«የገበያው ዋና መስመር ቫልቭ፣ እትዬ አስካለ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ ስምንት እርምጃ።»

«የትምህርት ቤቱ፣ ጥቁሩ ውሻ ከሚታሰርበት ፊት ለፊት።»

«የወፍጮ ቤቱ፣ ድሮ ዳቦ ቤቱ ከነበረበት በስተግራ።»

ኃላፊው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «በጣም ጥሩ!» አለና ማኅተም መታበት። እኔም ኮራሁ። ባለማኅተም ጸሐፊ ሆኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እንግዲህ ያ የገበያ ቀን መጣ። የሆነውን የነገሩኝ ኋላ ነው። ዋናው ቧንቧ ጠዋት ገበያው ዳር ፈነዳና ውሃው በቀጥታ ወደ ሐጂ ከድር ሱቅ ገባ። ሐጂ ከድር ስኳርና ዱቄት የሚያከፋፍሉ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ነጋዴ ናቸው። ከጎጃም ተመድቦ በቅርቡ የመጣው ኢንጂነር ታደለ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ወደ እትዬ አስካለ ጓሮ ሮጠ። ደረሰ። ጓሮው ውስጥ ከእንሰት በቀር ምንም የለም።

«እትዬ፣ እንሰቱ የቱ ነው?»

«የቱን ፈለግህ ልጄ? ይኸው ሁሉም እንሰት ነው።»

«ጋሽ ገብሬ የጻፉት! ቫልቭ ያለበት!»

«እሱማ ተበላ።»

«ምኑ ነው የተበላው?»

«እንሰቱ ነዋ! ለልጄ ሠርግ ነቅለን ቆጮ አደረግነው። ገብሬም እኮ ሠርጉ ላይ ነበር፤ ሁለቴ ነው የተጨመረለት።»

እውነቷን ነው፤ በልቻለሁ። ምልክቴን ራሴ በልቼዋለሁ። የካፋ ልጅ ሆኜ እንሰት ከቦታ ቦታ እየተዛወረ እንደሚያድግ፣ ሲደርስም እንደሚነቀል ጠፍቶኝ አይደለም። ግን እኛ ዘንድ አንዱ ሲነቀል ሌላው ይተካል፤ እንሰት ያለበት ጓሮ ሁልጊዜም እንሰት አለበት። ለእኔ ዓይን እንሰቱ ምንጊዜም እዚያው ነበር። ከደብረ ማርቆስ ለመጣ ሰው ግን «እንሰቱ ሥር» ማለት ጫካ ውስጥ ገብቶ «ዛፉ ሥር» እንደማለት ነው።

ቆፈሩ። አንዱ እንሰት ሥር፣ ሌላው እንሰት ሥር፣ ከአጥሩ ስምንት እርምጃ፣ ከበሩ ስምንት እርምጃ፤ ሰባት ጉድጓድ ሞላ። በመጨረሻ ከላይ፣ ከማጠራቀሚያው ጀምረው መላውን መስመር ዘጉት። ያኔ ደግሞ ጤና ጣቢያው ውሃ አጣ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወላዶች ነበሩ፤ ቤተሰቦቻቸው ከምንጭ በጀሪካን እያመላለሱ ዋሉ። ክፉ ነገር አልደረሰም፤ ይህ የእግዚአብሔር ሥራ እንጂ የእኔ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ከሚኒባስ ስወርድ አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጣና ጎትቶ ወሰደኝ። ጉድጓዶቹን አየኋቸው። ከአጥሩ ማዕዘን ተነስቼ ስምንት ተራመድኩና፣ «እዚህ ነው» አልኩ። ሁለት ጊዜ ተቆፈረ፤ አካፋው ብረቱን ነካ። ሦስተኛው ጉድጓድ ከቫልቩ የራቀው ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር።

ኢንጂነር ታደለ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ቆሟል። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ጋሽ ገብሬ፣ እኔም ስምንት ተራመድኩ እኮ» ብቻ አለኝ። ረጅም ልጅ ነው፤ የእሱ ስምንት የእኔ አሥር ይሆናል። ያኔ የጋሽ አደሎ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ፤ «የማን ጉልበት?»

ሐጂ ከድር ዘንድ ለይቅርታ ሄድኩ። እርጥብ ዱቄት በአካፋ ያወጣሉ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ገብሬ፣ ዓመት ሙሉ ውሃ የለም ብዬ ስጮኽ አልሰማችሁኝም። ዛሬ ሰማችሁኝ ማለት ነው?» አሉ። ሳቁ።  የጤና ጣቢያው አዋላጅ ግን አልሳቀችም፤ በማግሥቱ መንገድ ላይ አገኘችኝና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሲሞቱ እኛ ምን እንሆናለን?» አለችኝ። በክፋት አልነበረም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። ጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶታል። በዚያች ዓመት ውስጥ እኔ የማውቀውን ሌላው ካላወቀ፣ ይህች ከተማ ቧንቧ በፈነዳ ቁጥር ስትቆፍር ልትኖር ነው።

ይባስ ብሎ አንዱን እኔም ረስቼዋለሁ። ከጤና ጣቢያው በታች አንድ አሮጌ ቫልቭ አለ፤ ጤና ጣቢያውን ከገበያው መስመር የሚለየው እሱ ነው። ያን ቀን እሱ ቢታወቅ ኖሮ ወላዶቹ ውሃ ባላጡ። የቀበሩት ጋሽ አደሎ ናቸው። እኔ ሰምቻለሁ፤ ግን ጠፋብኝ። ስብሰባ አዳራሽ ወንበር ላይ አስቀምጠው ጠየቁኝ። ኢንጂነር ታደለ ቦታ የሚመዘግብ መሣሪያ አምጥቶ፣ «ይሄ ነጥቡን ይይዛል፤ የት ልያዝ የሚለውን ግን እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ» አለ። ጭንቅላቴን ፈተሽኩ። ምንም የለም፤ ባዶ።

ከስብሰባው ስወጣ በር ላይ አንዲት ሴት ጠበቀችኝ። ከቤት ቤት እየዞረች የውሃ ቆጣሪ የምታነብ ሠራተኛ ናት፤ አርባ ዓመት አካባቢ ይሆናታል፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ከተማው ሁሉ «ቆጣሪዋ መጣች» ነው የሚላት፤ እኛም ቆጣሪዋ እንላታለን። የእሷን ያህል የቦንጋን አጥር የሚያውቅ የለም።

«ጋሽ ገብሬ፣ ወንበር ላይ ማን ያስታውሳል?» አለችኝ። «እናቴ የቆጮ አሠራር ስጠይቃት አይመጣላትም፤ የእንሰት መፋቂያውን ስትይዝ ነው የሚመጣላት። ጋሽ አደሎ ይሄን ሲነግሩዎት ምን እያደረጉ ነበር?»

«አካፋ እያጠብን ነዋ።»

«እንግዲያውስ ይጠቡ!»

ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ በማግሥቱ ጓሮ ውስጥ በርሜል ነበር። አንድ ጭቃማ አካፋ አስያዘችኝ። እሷ ደብተር ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወጣቶቹ በመስኮት ያዩናል፤ «ጋሽ ገብሬ ጡረታ ሳይወጡ ዕቃ አጣቢ ሆኑ!» ይላሉ። አፍሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልመጣም። በሁለተኛውም። እሷ አትቸኩልም። «ይጠቡ፤ እኔ ቸኩዬ አይደለም» ትለኛለች፤ ያልተነበበ ቆጣሪ እየጠበቃት።

በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን፣ እጄ የአካፋውን ጀርባ ሲያሽ፣ አፌ ራሱ መናገር ጀመረ። በካፊኖኖ፣ በእኛው በካፋዎች ቋንቋ ነበር፤ ጋሽ አደሎ በዚያ ነበር የሚያወሩን። «ከድልድዩ ግንብ ራስ ተነሳ። ፊትህን ወደ ዳገቱ አድርግ። አምስት ድጅኖ አጋድም። ከዚያ ወደ ቀኝ ሁለት።»

«ድጅኖ ያጋድማሉ?» አለች ቆጣሪዋ፤ ብዕሯ ቆመ።

እሱ ነው የጠፋብኝ! ጋሽ አደሎ በእርምጃ ለክተው አያውቁም። ድጅኗቸውን መሬት ላይ እያጋደሙ ነበር የሚለኩት፤ ብረት ለረጅምም ለአጭርም ያው ነው። ድጅኖው ደግሞ አልተጣለም፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ቆሟል። እኔ ተነስቼ ወደ ድልድዩ ልሮጥ ስል ቆጣሪዋ ጋቢዬን ያዘችኝ።

«እርስዎ አይሄዱም።»

«ለምን?»

«እርስዎ ካገኙትማ ያው እርስዎ ነዎት ያገኙት። የጻፍኩትን ይዘው ሌሎች ይሂዱ። ካጡት ጥፋቱ የጽሑፉ ነው፤ እናስተካክለዋለን።»

ይህ ሕጋችን ሆነ። የቀበረ አይፈልግም። ኢንጂነር ታደለና አዲስ የተቀጠረ አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። እኔን እንድመለከት ፈቀዱልኝ፤ አፌን እንዳልከፍት ግን አስማሉኝ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ግንቡን ትተው ከሐዲዱ፣ ከድልድዩ መደገፊያ ብረት ማለቴ ነው፣ መለካት ሲጀምሩ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

«ጋሽ ገብሬ፣ እጅዎ እየጠቆመ ነው!» አለች ቆጣሪዋ።

እጄ ላይ ተቀመጥኩበት።

አላገኙም። ተመለሱ። ቆጣሪዋ፣ «ግንብ ያልኩት አልገባችሁም፤ የትኛው ጫፍ እንደሆነ አልጻፍኩም» ብላ ጨመረችበት። እንደገና ሄዱ። አሁን ድጅኖው ከትክክለኛው ቦታ ተነስቶ አምስት ጊዜ ተጋደመ፤ ወደ ቀኝ ሁለት። ዶማው ሦስት ጊዜ ገባና «ቃ!» አለ። ኢንጂነር ታደለ ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ልጅ ዘለለ። እኔ እጄ ደንዝዞ ማጨብጨብ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ከሥራ ስንመለስ በርሜሉ ዙሪያ እንቆማለን፤ አካፋ እየታጠበ ይወራል፣ ቆጣሪዋ ትጽፋለች፣ ኢንጂነሩ ቦታውን በመሣሪያው ይይዛል። እንሰት፣ ውሻና ዳቦ ቤት ከመዝገቡ ወጡ። በቦታቸው ከማይነቀል ነገር፣ ከግንብ ማዕዘን፣ ከድልድይ፣ ከመብራት ምሰሶ፣ ያውም ሁልጊዜ ከሁለት ቦታ፣ በሜትር ተለክቶ ተጻፈ። አንዱ ቢፈርስ አንዱ ይቀራል። በየስድስት ወሩ ደግሞ ያልቀበረ ሰው መዝገቡን ይዞ ሄዶ ይፈልጋል፤ አጥሩ ተነቅሎ፣ መንገዱ ሰፍቶ ከሆነ ይስተካከላል። እትዬ አስካለም በር ላይ ባገኘችኝ ቁጥር፣ «ገብሬ፣ ዘንድሮ አንዱን ልነቅል ነው፤ ላስፈርምህ ወይ?» ትለኛለች።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። በቀደም ዕለት ረፋድ ላይ ቧንቧችን ደረቀ። ከመንገድ ማዶ ውሃ ወደ ላይ ሲረጭ ይታያል። ቦት ጫማዬን አወጣሁ፣ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አደረግሁ፣ ተቀመጥኩ። ይደውላሉ ብዬ። አንዱን ጫማ አስሬ ጠበቅሁ። ስልኩ ዝም። ሁለተኛውን ሳላስር የሚረጨው ውሃ ቀጥ አለ። ዘግተውታል። ከምሳ በፊት ቧንቧው አስነጠሰና ውሃው መጣ። ባለቤቴ ባልዲ እየሞላች፣ «ማንም አልፈለገህም ማለት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። አልዋሽም፣ ትንሽ ከፋኝ። ጫማዬን እስካወልቅ ድረስ ነው የከፋኝ። ከዚያ ተጋደምኩና እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ለሰላምታ ብዬ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩና መዝገቡን ገለጥኩት። ገጹ ላይ ሦስት መስመር አለ፤ የቀበረው፣ የነገረው፣ ፈልጎ ያገኘው። የጋሽ አደሎ ስም አለ። የእኔ ስም በየገጹ አለ። የኢንጂነር ታደለም፣ ከእኔ በኋላ የመጡትም አሉ። የጻፈው የሚል መስመር ግን የለም፤ ቆጣሪዋ ራሷ ስታሰምረው ረስታዋለች፣ ወይም አልፈለገችም። እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ። ከተማው ቆጣሪዋ የሚላት፣ በርሜል ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እኔን ያዳመጠችኝ ሴት ስሟ አስቴር ወልደጻድቅ ነው።